በሰሊጥ ዘይት የገባችው ፒን

ያን ቀን እጄ የዘይቱን ጠርሙስ ሲያነሣ፣ የማውቀው ነገር ሁሉ የት ሄዶ ነበር?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደ ጠየቅሁት አላውቅም። «አላውቅም ነበር» ብል ውሸት ነው። «ዘነጋሁት» ብልም ውሸት ነው። አውቅ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ከቆመው ሰው ሁሉ ይልቅ አውቅ ነበር። እያወቅሁ አደረግሁት።

የምጽፈውን ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ ጾም የገደፍሁበትን፣ ጎረቤት ያማሁበትን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ገበያ የዋለበትን ሳይቀር ስናዘዝ ኖሬያለሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ፤ ትንንሿን አልረሳም። አባም አንድ ጊዜ «አንቺስ ልጄ፣ ኃጢአት ፍለጋ ነው የምትደክሚው» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ትልቋ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳቅሁ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ እንዴት ይስቃል? እኔ ግን ስቄያለሁ።

እንግዲህ የምታነበኝ ሰው፣ ዛሬ አንተ ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም። ስማኝ ብቻ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ገንዳ ውሃ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ መካኒክ ነበርሁ። ያደግሁት ግን አጎቴ የሰሊጥ ዘይት በሚያስጨምቅበት ዳስ ሥር ነው። ግመሉ ዓይኑን ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ የመጭመቂያው ግንድ ያቃስታል፣ ዘይቱ ይወርዳል። የእኔ ሥራ ግንዱን መፋቅ ነበር። በቆላ ፀሐይ የሰነበተ የሰሊጥ ዘይት ዘይት ሆኖ አይቀርም። መጀመሪያ እንደ ማር ይወፍራል፤ ቀጥሎ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ በመጨረሻ እንደ ቀንድ ይደርቃል። ስፍቀው ቢላው ይታጠፍብኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። መጽሐፍ እንኳ አላስፈለገኝም።

ፊደል የቆጠርሁት ለአቅመ ሔዋን ከደረስሁ በኋላ ነው። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ እየተቀመጥሁ፣ እኔ ልወልዳቸው ከምችል ልጆች ጋር «ሀ ሁ» አልሁ። «እማማ» ይሉኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለፊደል ይሳሳል፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሱ የተላከ ይመስለዋል። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ስማር፣ ሌላው ዘሎት የሚያልፈውን የግርጌ ጽሑፍ ሁሉ አነብ ነበር። ጋራዥ ስገባም ይኸው ጠባይ አብሮኝ ገባ። «በቃ ጠብቋል» የሚባል ነገር አልወድም፤ ምን ያህል ጠበቀ? «ደህና ነው» የሚባል ነገር አልወድም፤ ማን አየው? ወንዶቹ «ዶክተሯ» ይሉኝ ነበር። ሲቀልዱ ነው፤ መኪናቸው ሲታመም ግን ቀልዱን ትተው እኔን ይፈልጉ ነበር። «ትርንጎ ካለች አለች» ይባል ነበር። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ሰው የጣለው ይህ ቃል ነው።

በኛ ቆላ ለማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ሰሊጥ ነው። የስፌት መኪና ቢይዝ ሰሊጥ፣ የበር ማጠፊያ ቢጮኽ ሰሊጥ፣ የብስክሌት ሰንሰለት ቢደርቅ ሰሊጥ፣ ተረከዝ ቢሰነጠቅ ሰሊጥ፣ የልጅ ጆሮ ቢያመው ሰሊጥ። ጋራዣችን መስኮት ላይም አንድ ጠርሙስ አይጠፋም ነበር፤ ከእጃችን ላይ ጥቀርሻውን የምናስለቅቀው በሱ ነው። ወንዶቹ ሌላም ቦታ ይቀቡት ነበር። እኔ ስቆጣ ነበር። «በሚግል ብረት ላይ አትቀቡ! ይጋግራል፣ ይይዛል!» እያልሁ ስቆጣ ነበር። ሰማችሁ? ከልካይዋ እኔ ነበርሁ።

ወሩ የሰሊጥ አጨዳ ወር ነበር። አጨዳ ሲደርስ ገንዳ ውሃ ሌላ ከተማ ይሆናል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በየጥላው ሥር ይተኛል፤ መኪና መጥቶ ወደ እርሻው እስኪወስደው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ካልታጨደ ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይዘራል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይሮጣል።

አለቃዬ ማሩ ዕቃ ሊገዛ ጎንደር ወጥቶ፣ ጋራዡን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ረፋድ ላይ ጋሼ አስማማው ነጩን ፒካፕ እየነዳ ገባ። ጋሼ አስማማው የአንድ ባለ እርሻ ሾፌር ነበር፤ ሳሉጎቹን ከከተማ ወደ እርሻ የሚያመላልስ፣ ጨዋ፣ ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው፤ እንደ ሌሎቹ ሳይቀልድ «መምህርት» ይለኝ ነበር። ከመውረዱ በፊት ሽታው ደረሰኝ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ።

«መምህርት፣ ይቺ ልጅ ትኩሳት ይዟታል» አለኝ የግራውን የፊት ጎማ በእግሩ እየነካ።

«ትኩሳቱ ከስንት ቀን ወዲህ ነው ጋሼ?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ትናንት እንቁላል ብሰብርባት ይጠበስ ነበር።»

መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ጎማውን አወለቅሁት። ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። ፍሬን ሲረገጥ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት ወገን እንደ መቆንጠጫ የሚይዘው ብረት ካሊፐር ይባላል። ካሊፐሩ የሚንሸራተተው ጣት በሚያካክሉ በሁለት ፒኖች ላይ ነው። ፒኖቹ ዝገው ከያዙ ካሊፐሩ ባለበት ይደርቃል፤ ወይ አለቅም ይላል፣ ወይ አልይዝም ይላል። አንዱ የፊት ጎማ ይዞ ሌላው ካልያዘ ደግሞ፣ ሾፌሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ ቢይዝም፣ መኪናው በድንገት ወደ ያዘው ወገን ይዘላል። ይህን የጥገና መጽሐፉ በወፍራም ፊደል ጽፎታል። እኔም አንብቤዋለሁ።

አንደኛዋ ፒን አንገራግራ ወጣች። ሁለተኛዋ ግን ከብረቱ ጋር የተወለደች ይመስል አልነቃነቅ አለች። ጎማ ጠጋኙ መጣ፤ ሁለት ወዛደሮች መጡ፤ ከሻይ ቤቱም ሰው ብርጭቆውን ይዞ መጣ። ሴት ልጅ ከብረት ጋር ስትታገል ለማየት ሥራ ፈት አይጠፋም።

«በመዶሻ በያት እንጂ!» አለ ጎማ ጠጋኙ።

«ዝም በል፤ ዶክተሯ በምርመራ ላይ ናት» አለ ወዛደሩ። «መጽሐፉ ምን ይላል ዶክተር?»

«መጽሐፉ፣ የማያውቅ ሰው ጥላ ሥር ይቀመጥ ይላል» አልሁት። ሳቁበት። ልቤ ሞቀ። እኔ በሰው መሐል የማልናገር ሴት ነበርሁ፤ ያን ቀን ግን ተናገርሁ፣ ሰውም ሳቀልኝ።

በመዶሻ አልመታኋትም። ነጭ ጋዝ አፏ ላይ አንጠባጥቤ አቆየኋት። ፒኗን ሳይሆን ዙሪያዋን ያለውን ብረት በእሳት አሞቅሁት። ከዚያ መፍቻ አስገብቼ ወደ ግራ ፀጉር ታህል፣ ወደ ቀኝ ፀጉር ታህል፤ እንደገና ነጭ ጋዝ፣ እንደገና ግራ፣ እንደገና ቀኝ። የያዘ ፒን መጀመሪያ ይዞራል እንጂ አይጎተትም፤ የጎተተ ይሰብራታል። ላቤ ከአገጬ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ውስጧ «ትክ» አለ። ዞረች። እያዞርሁ ሳብኋት፤ ዝገቷን እንደ ለበሰች ወጣች።

ግቢው ተናጋ! ወዛደሩ እንደ ሴት እልል አለ። ጎማ ጠጋኙ «ይቅርታ ዶክተር» ብሎ እጅ ነሣ። ጋሼ አስማማው ትከሻዬን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እጅሽ ይባረክ! ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለኝ።

በሕይወቴ እልል የተባለልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሠርግ አልሠረግሁም። ስመረቅ ማንም አልመጣልኝም። እልልታውን እንደ ሰበብ አልቆጥረውም። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ፒኖቹን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፣ ጉድጓዱን ጠረግሁ። ከዚያ ግራሶ ልቀባ ወደ መደርደሪያው ሄድሁ። ለፍሬን ፒን የሚሆነው ግራሶ ሙቀት የሚችል፣ ለብቻው የሚሸጥ ነው። ጣሳው ባዶ ነበር። ማሩ ጎንደር የወጣው እሱንም ሊገዛ ነበር።

ከመደርደሪያው ወደ ሰዎቹ ዞር አልሁ። አሁንም ቆመዋል፤ አሁንም ፈገግ ብለው ያዩኛል። ማለት የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ግራሶ የለም። መኪናው ማሩ እስኪመለስ እዚህ ይቁም።» ይኸው ነው። ሕፃን የሚለው ነገር ነው። አላልሁም። እልልታው ገና ጆሮዬ ላይ ነበር፤ በ«የለም» ልጨርሰው አልፈለግሁም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ከመስኮቱ ላይ የሰሊጡን ጠርሙስ አነሣሁ። በጣቴ አሸኋት። እኔ፣ ከግንድ ላይ የደረቀ ሰሊጥ ስፍቅ ያደግሁት፣ በጣቴ ፒኗን በሰሊጥ ዘይት አሸኋት። እንደ ቅቤ ገባች። ካሊፐሩ በአንድ ጣት ወዲያና ወዲህ ሄደ።

«ጨርሻለሁ ጋሼ።»

«ተመልሳ ትይዝ ይሆን?»

«አትይዝም» አልሁ።

አንዲት ቃል ናት። ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም።

ያን ቀን ያደረግሁትን ስሕተት ነው ብላችሁ ልታልፉልኝ ትችሉ ይሆናል። አትለፉ፤ የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ማሩ ተመለሰ። ትክክለኛውን ግራሶ ይዞ መጣ። ጣሳውን ከፊት ለፊቴ አስቀመጠልኝ። ጋሼ አስማማው በየቀኑ ሳሉጎቹን ጭኖ በጋራዡ በር ያልፍ ነበር፤ ሲያልፍ ሁልጊዜ ጡሩምባ ይነፋልኛል፣ «መምህርት!» ይለኛል። እኔም እጄን አነሣለታለሁ። አንድ ቀን ያነሣሁትን እጅ ዘርግቼ «ይቁሙ!» ብለው ይቆም ነበር። ከሻይ ባልረዘመ ጊዜ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በደንቡ ቀብቼ እመልስለት ነበር። ግን ለምን አቆምሽኝ ይለኛል። ወንዶቹ ይሰሙኛል። ዶክተሯ ሰሊጥ ቀብታ ነበር ይሉኛል። እንዲህ እያልሁ እጄን አነሣለት ነበር። ሳምንታት አነሣሁለት። ጣሳው ሳይከፈት አጠገቤ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፈርዳ የምንለው የሰሊጥ ጆንያ የተጫነ ባጃጅ እየከነፈ መጥቶ ሾፌሩ ከመውረዱ በፊት ጮኸ፤ «የአስማማው መኪና ሰው ጨረሰች!»

መፍቻው ከእጄ አልወደቀም። ሰው ሲደነግጥ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል ይባላል። የኔ አልወደቀም። ጣቶቼ መፍቻው ላይ ደርቀው ቀሩ፤ ማሩ ነው ያላቀቀኝ። ማንም ምንም ሳይነግረኝ የግራ ጎማው እንደሆነ አውቄያለሁ።

ሰው አልጨረሰችም፤ የባጃጁ ልጅ ያየው ደም ነው። የሆነው እንዲህ ነው፤ ከአንዲት መንደር ጥግ ላም መንገድ ገባች፤ ጋሼ አስማማው ፍሬን ረገጠ፤ የቀኙ ጎማ ያዘ፣ የግራው አልያዘም፤ ፒካፑ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዘሎ ሳሉጎች ያረፉበት ጥላ ሥር ገባ። ሌሎቹ ዘለው ዳኑ። ታከለ የሚባል የጎጃም ሰው ማጭዱን እየሳለ ነበር፤ እግሩን ዘርግቶ። ጎንደር ወስደው ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ወደ ቆላ የመጣው በእግሩ ነበር።

ጋሼ አስማማው «መሪ አላዞርሁም፤ ረገጥሁ፣ ራሷ ወረወረችኝ» አለ። ማን ይስማው? ግማሹ «አንቀላፍቶ ነው» አለ፣ ግማሹ «አረቄ ነው» አለ። አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው! ትራፊኩ መኪናውን አስጎትቶ የት ቢያመጣው ጥሩ ነው? እኛ ጋራዥ። የሠራው ሰው መልሶ አይመረምርም ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። «ትርንጎ ትየው፤ ትርንጎ ካለች አለች» ተባለ። ማሩም ራሱ በኩራት «ልቀቁላት» አለ።

ቀትር ነበር። በቆላ ቀትር ውሻ እንኳ አይጮኽም፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ብቻዬን ከመኪናው ሥር ገባሁ። የግራውን ጎማ አወለቅሁ። ካሊፐሩን ገፋሁት፤ አልሄደም። በመፍቻ እየታገልሁ ፒኗን አወጣኋት። ወርቃማ ነበረች። እንደ አጎቴ ግንድ። ዘይቱ ደርቆ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ቀንድ ሆኖ ለብሷት ነበር። በጥፍሬ ነካኋት፤ ጥፍሬ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ይዣት ብወጣስ? «እዩ፣ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብልስ? በሩ ሩቅ አልነበረም። ጋሼ አስማማው ትራፊኩ አጠገብ፣ እዛፍ ሥር ተቀምጦ እኔን ይጠብቅ ነበር። እኔን፣ አዳኙን።

ፒኗን በነጭ ጋዝ አጠብኋት። ፋቅኋት። አለሰለስኋት። አቧራ የሚከለክልላትን አዲስ የላስቲክ ሽፋን አመጣሁላት። የጣሳውን ክዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትሁና ትክክለኛውን ግራሶ፣ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሳይበዛ ሳያንስ ቀባኋት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም ድረስ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። በዕድሜዬ ከሠራሁት የፍሬን ሥራ ሁሉ ያን ቀትር የሠራሁትን ያህል ያማረ የለም። መጀመሪያ ብሠራው ሰው የሚያድነውን ሥራ፣ ሰው ልጥልበት ሠራሁት።

ከዚያ ወጥቼ ጠራኋቸው። ትራፊኩ ካሊፐሩን በጣቱ ገፋው፤ ሄደ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘ። ለቀቀ፤ ለቀቀ።

«እንግዲህ ፍሬኑ ጤነኛ ነው?» አለኝ።

«ጤነኛ ነው።»

«ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ፣ መሪው በእጅ ካልዞረ በቀር መኪና እንዲህ ወደ ቀኝ ይዘላል?»

«አይዘልም» አልሁ።

ያለፈችው «አትይዝም» አንድ ቃል ነበረች። ይህችም አንድ ቃል ናት። ጋሼ አስማማው ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። አልጮኸብኝም። ወደ ዓይኔ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ልጅ፣ «ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ ጋሼ።»

ቀኝ እጁን አንሥቶ አየው። ገለበጠና መዳፉን አየው። «እንግዲያውስ እጄ ነዋ» አለ። «አንቺ ካልሽ እጄ ነው። እኔ አላወቅሁትም እንጂ እጄ ነው።»

አመነኝ! ቢፈርድብኝ፣ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው የገዛ እጁን ትቶ እኔን አመነ። እግር የቆረጥሁት የታከለን ነው። የጋሼ አስማማውን ግን እጁን ከራሱ ላይ ቆረጥሁበት።

ታሰረ። ሲፈታ ዳግመኛ መሪ አልያዘም። የአንድ ሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ይቅርታ ፍለጋ ጎጃም ድረስ ሄዶ ታከለን እግሩ ላይ ወድቆ ለምኖታል፤ በእኔ ኃጢአት። ንስሐ ገብቶ ቀኖና ተቀብሏል፤ ሲሰግድ አየው ነበር፤ በእኔ ኃጢአት። እኔ ከሴቶች ወገን ቆሜ አይ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰላምታ ስሰጠው፣ እጁ እንደ ቆሸሸ ሰው፣ መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ብቻ ይዘረጋልኝ ነበር። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም። እጁ ግን ንጹሕ ነበር። አንጓውን እየጨበጥሁ «እንደምን ሰነበቱ ጋሼ» እል ነበር። ይህንም አድርጌያለሁ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጋራዡን ትቼ የመጻሕፍትና የደብተር ሱቅ ከፈትሁ። ሰው «ሥራው ከብዷት ነው» አለ። ሥራው አልከበደኝም።

እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲህ ኖርሁ። ጎረቤታችን አየነው ወንድ ልጅ ተወለደለት። ጋሼ አስማማውን የክርስትና አባት ሊያደርገው ፈልጎ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሕፃኑን አቅርቦ፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ላስቀምጠው» አለ። ሁላችንም ጠበቅን። ጋሼ አስማማው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግድግዳው እስኪያግደው አፈገፈገ። ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

«ተው አየነው፤ እኔን ልጅ አታስታቅፈኝ። ይህ እጅ ሳያስፈቅደኝ ይዞራል» አለ።

ሰው ሣቅ ሊል ፈልጎ አቃተው። እኔ፣ ድግሱን ላግዝ የመጣሁት፣ የማጥበውን ሳህን አስቀመጥሁት። እስካሁን ድረስ የበደልሁት ያለፈውን ይመስለኝ ነበር፤ አለቀ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ አለፈ። አላለፈም። ያን ቀን ቀትር ያልሁትን ሰውየው በየቀኑ፣ በየእጅ ሰላምታው፣ በየጉርሻው እንደ አዲስ ይሰማው ነበር።

በማግሥቱ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ። በሩ ላይ በርጩማ ይዞ ተቀምጧል፤ ቤቱም እዚያው አጥሩ ውስጥ ነው። ተነሥቶ አንጓውን ዘረጋልኝ። አልያዝሁትም።

«ጋሼ፣ እጅዎ አላዞረም» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

ነገርሁት። ሰሊጡን፣ እልልታውን፣ ጣሳውን፣ ጡሩምባውን፣ ቀትሩን፣ ወርቃማዋን ፒን። ምንም አላስቀረሁም። «ይቅር ይበሉኝ» አላልሁም፤ ያን ለማለት አፌን ብከፍት ለእኔ የምለምን ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ስጨርስ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ከመጋዘኑ ውስጥ ጆንያ የሚሸከሙ ሰዎች «ኧረ አንሣ! ኧረ በል!» ይላሉ።

«ድገሚው» አለኝ።

«የቱን ጋሼ?»

«የመጀመሪያውን።»

«እጅዎ አላዞረም።»

«ዓለሜ!» ብሎ ተጣራ፤ ሚስቱን ነው። «ነይ ወዲህ! ቶሎ ነይ!» እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ድገሚላት» አለኝ።

ደገምሁላት። እትዬ ዓለሜ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «በእንቅልፉ መሪ እየጨበጠ ሲጮኽ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ!» አለችኝ። «እኔ ነኝ እኮ! አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ? ተኝተሽ ነበር?» ተኝቼ ነበር።

«ቆዪ ዓለሜ» አላት፤ ወደ መጋዘኑ ዞሮ ተጣራ። ሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እያወረዱ መጡ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምሁት። አንዱን ሸካሚ አየነውን እንዲጠራ ሰደደው። አየነው ሕፃኑን ታቅፎ መጣ። «ድገሚው።» ደገምሁት። እየደገምሁ ድምፄ ጠፋ። «ጮክ ብለሽ!» አለኝ፤ ጮኽሁ፤ እኔ በሰው መሐል የማልናገረው ጮኽሁ፤ «እጁ አላዞረም! ያዞርሁት እኔ ነኝ!»

ጋሼ አስማማው ቀኝ እጁን ከብብቱ አወጣ። መዳፉን ዘረጋ፤ ለአየነው ሙሉ መዳፉን ሰጥቶ ጨበጠው። አጥብቆ ጨበጠው፤ አየነው «አረ ጋሼ፣ ሰበሩኝ» እስኪል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ ትራፊኩ ጋ ትነግሪልኛለሽ።»

«እነግራለሁ።»

«ከዚያ ጎጃም። የታከለን ቤት እኔ አሳይሻለሁ። ደጁ ድረስ። የምትገቢው ግን ብቻሽን ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ልሄድ ስነሣ እጄን ልዘረጋለት ፈለግሁ። መዳፌን አየሁት። አጥፌ፣ አንጓዬን ዘረጋሁለት።